በሽኝቱ ቀን ላልጠራኋችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወዳጆቼ።

ባለፈው ቅዳሜ በሽኝቱ ላይ ካባ አልብሳችሁኛል። በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀትም ሰጥታችሁኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ማይኩ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ከፊቴ የተናገሩት እንግዶች ሰዓቱን ጨርሰውት ነበር። የአገራችንን ፕሮግራም መቼስ ታውቁታላችሁ፤ የመክፈቻ ንግግሩ ብቻ ምሳ ሰዓት ያደርሳል። መድረክ መሪው በእጁ «አሳጥር» ሲለኝ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብዬ ወረድኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አላስችል አለኝ። መጠራት የነበረባቸው ሰዎች ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ጥሪውም አልደረሳቸውም።

አሁንም ስም አልጠራም። አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብዘል ደሴ ውስጥ ሰላም የሚለኝ አላገኝም። በሰፈርና በስራ እጠራችኋለሁ፤ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለማታውቁኝ ላስረዳ። ስራዬ ከባህር ማዶ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን እዚህ ተቀብሎ መምራት ነበር። ለሁለት ዓመት ይመጣሉ። አብዛኞቹ ከእኛ መምህራን ጋር እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ጥቂቶቹ ጤና ጣቢያ ይሰራሉ። መኪና አይሰጣቸውም። በባጃጅና በሚኒባስ ይሄዳሉ፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የሚከፈላቸው ደመወዝ ሳይሆን መተዳደሪያ ነው። እሱም ከጎረቤት እንዳያርቃቸው ተብሎ አብሯቸው ከሚሰራው መምህር ኑሮ ጋር ተመዛዝኖ ይቆረጣል። ወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ያምራል። መሬት ላይ ግን አንድ ሰው ከማያውቀው አገር መጥቶ በሰላም እንዲያድር፣ በልቶም ስራ እንዲሰራ የሚያደርገው ፕሮግራሙ አይደለም። አከራይዋ ናት፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው፣ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ነው። እኔ መሪ ተብዬ ካባ ለበስኩ። እነሱ የፈረሙት ውል የለም፣ የተቆረጠላቸው አበልም የለም።

ይህ ለደሴ አዲስ ነገር አይደለም። በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር የሚልከው የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስኮር) እ.ኤ.አ. በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተቋቋመ። በዓመቱ ከ270 በላይ ወጣቶች በአንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ መምህራን ነበሩና በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተማሩ አባቶቻችን እስከ ዛሬ «ፒስኮር ያስተማረኝ» እያሉ የሚያነሱት እነሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ወጡ፣ በ1995 ተመለሱ፣ በኤርትራው ጦርነት ሰሞን በ1999 እንደገና ወጡ፣ በ2007 ደግሞ መጡ። ያንን የመጀመሪያ ቡድን እዚህ ሆኖ የመራው ሃሪስ ዎፎርድ በኋላ የፔንሲልቬኒያ ሴናተር ሆኗል። እኔ ከእድር ጸሐፊነት አላለፍኩም። (እሱም ቀላል ስራ እንዳይመስላችሁ።) የእኛ ፕሮግራም ሌላ ነው፣ ትንሽም ነው። መንገዱን የጠረጉልን ግን እነዚያ መምህራንና ያኔ ያኖሯቸው የደሴ ሰዎች ናቸው።

የሰኞ ገበያዋ እትዬ፣ ከአንቱ ልጀምር።

ለአንዷ በጎ ፈቃደኛ የሚከራየውን ክፍል ለማየት በመጣሁ ቀን ፎርም ይዤ ነበር። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መስኮቱ ብረት አለው? ሽንት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ማታ መብራት አለ? ሁሉንም በትዕግስት መለሱልኝ። ስጨርስ «ልጅቷ ምን ትበላለች?» አሉኝ። ፎርሙ ላይ ያ ጥያቄ አልነበረም። ለሚቀጥለው ዙር አስገብቸዋለሁ።

ልጅቷ በመጣች ሰሞን ሆዷን ታመመች። እንግዳ ሆኖ ይህን ሳይቀምስ ያለፈ የለም፤ አሜባ ለማንም አያዳላም። አንቱ በሯ ላይ በርጩማ አስቀምጠው አደሩ። አጥሚት ሰርተው በማንኪያ ሰጧት። እኔን በሌሊት አልቀሰቀሱኝም። ጠዋት ደውለው «አብሽር፣ ድናለች» ብቻ አሉኝ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ተነስተው ከራስዎ ጀሪካን በፊት የእሷን እንደሚሞሉ የነገረችኝ እሷ ናት። የቤት ኪራይ ሽቅብ ሲወጣ ደላላ መጥቶ «ፈረንጅ አስገብተው በዚህ ዋጋ?» ሲልዎት በዱላ እንዳባረሩትም ከአንቱ አልሰማሁም። የነገረኝ ራሱ ደላላው ነው፤ አሁንም ይገርመዋል።

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ማዶ ያላችሁት ባልና ሚስት ደግሞ አላችሁ። በረመዳን እናንተ እየጾማችሁ ለእንግዳችሁ ምሳ ታበስሉ ነበር። ልጁ አፈረና አብሯችሁ መጾም ጀመረ። በዚያ በኮምቦልቻ ሙቀት! አዙሮት ክፍል ውስጥ ሊወድቅ ሲል ተማሪዎቹ ደግፈው አመጡላችሁ። «አንተ ሙሳፊር ነህ፣ መንገደኛ አይገደድም» ብላችሁ ሳህን ፊቱ አቀረባችሁ። ከዚያ በኋላ ምሳውን በልቶ ለማፍጠሪያው ሳምቡሳ መጠቅለል የእሱ ስራ ሆነ። የጠቀለለውን አይቻለሁ። ሳምቡሳ አይመስልም ነበር፣ ግን በላችሁለት።

መምህራን ጋ ልምጣ። በጎ ፈቃደኛ መጥቶ የአገሬውን መምህር ክፍል ተረክቦ ብቻውን ካስተማረ ጉዳቱ ያመዝናል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ዓመት አስተምሮ ይሄዳል፣ ክፍሉም ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነው እንዲያስተምሩ እናደርጋለን። ይህ ለመምህሩ ቀላል አይደለም። ገና ጠመኔ በእጁ ያልያዘ ወጣት ይመጣል። ቋንቋው አፍ መፍቻው ስለሆነ ብቻ ተማሪው ሁሉ ወደ እሱ ያያል። ዕድሜውን በማስተማር የጨረሰው ሰው ጎን ላይ ይቆማል። የሮቢት ሰፈሩ የእንግሊዝኛ መምህር፣ አንተ ይህን ሳይከፋህ ቻልከው። መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ሲደርስ ሰሌዳውን እንዴት ከፋፍሎ እንደሚጽፍ አሳየኸው። ጨዋታና መዝሙር ሲያበዛም «ልጆቹ እኮ ፈተና አለባቸው» ብለህ መለስከው። እሱ ከሄደ በኋላ የእንግሊዝኛ ክበቡ አልፈረሰም። በቅርቡ ሄጄ አይቻለሁ። «የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር» እያሉ ይከራከራሉ። እኛም በልጅነታችን በዚሁ ርዕስ ተከራክረን አልቋጨነውም።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልግባ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን የሰላም ጓድ ከ60 በላይ አገሮች የነበሩትን ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞቹን በሙሉ ጠራ። በታሪኩ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ለእኛም ስልኩ ማታ መጣ፤ በነጋታው ሁሉም አዲስ አበባ ይግቡ ተባለ። ለእንዲህ ያለ ቀን እቅድ አለን። ማን ለማን እንደሚደውል፣ የት እንደሚሰባሰቡ፣ በየት በኩል እንደሚወጡ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መሰብሰቢያችን ኮምቦልቻ ነበር። ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ግን እቅዱ ላይ አልተጻፈም።

ያኔ መንገድ ላይ ፈረንጅ ሲታይ «ኮሮና! ኮሮና!» ይባል ነበር። አልጭንም ያለ ባጃጅም አለ። ሰው ፈርቷልና አልፈርድበትም። ፒያሳ ያላችሁ ሊስትሮዎች ግን አንዱ ልጃችን ከባንክ ሲወጣ ሰው እንደከበበው አያችሁ። ሳጥናችሁን ዘግታችሁ፣ ግራና ቀኝ ሆናችሁ ቤቱ አደረሳችሁት። የሊስትሮ ሳጥን በስራ ሰዓት ሲዘጋ ምን እንደሚያጎድል አውቃለሁ። የሸዋ በሩ ሐጂም አሉ። ግቢያቸው ደጃፍ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ወንበር አስወጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። «እንግዳዬ ናት። የመጣችውም በሽታው ሳይወራ ነው። የሚጠይቅ እኔን ይጠይቅ» አሉ። የጠየቀ አልነበረም። አንድ በአንድ ተበተኑ።

ሹፌሩ፣ አንተን እንዴት ልርሳ። ሌሎች «ይቅርብን» ካሉኝ በኋላ ነው የደወልኩልህ። ትንሽ ዝም አልክና «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አልከኝ። ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ወጣን። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ከፊት የሚሄደው ከባድ መኪና መብራቱ ብቻ ይታያል። ለበሽታው ሲባል መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበዋል፤ ጋቢዎቹ የአከራዮቻቸው ናቸው። አንዷ በፌስታል የያዘችውን ዳቦ ቆሎ ሳትቀምስ ጉልበቷ ላይ አቅፋ ነበር። አንተ በየመጠምዘዣው ክላክስ እያደረግክ፣ በመሃል በመሃል «አይዞን» ትላለህ። ኮምቦልቻ ያሉትን ጨምረን፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና አድርገን፣ ጣርማ በርን ወጥተን አዲስ አበባ ገባን። አንተ ባዶህን ተመለስክ። ደሴ ደርሰህም ቤትህ አልገባህም። ግቢህ ውስጥ ሚኒባሱ ላይ እየተኛህ፣ ልጆችህን ከሩቅ እያየህ ሁለት ሳምንት ቆየህ። ይህን ያጫወተችኝ ባለቤትህ ናት። ምግቡን ደረጃው ላይ አስቀምጣልህ ትመለስ ነበር አሉ። ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት።

ወደ ሰኞ ገበያዋ እትዬ አንዴ ልመለስ። ልጅቷ የሄደችው አንድ ቦርሳ ብቻ ይዛ ነው። የቀረውን አንቱ በካርቶን አስረው አልጋ ስር አስቀመጡት። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ስለዚያ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችንም የየራሳችን አለን። ተመልሰው ሲገቡ ቴሌቪዥኑም የእህሉም ጆንያ ሄዷል። ካርቶኑ ግን ከመውጣትዎ በፊት ከማገዶው ስር ደብቀውት ኖሮ እንዳለ ተገኘ። ውስጡ ፎቶ፣ ያላለቀ ሹራብና የተማሪዎቿ ድርሰት ነበር። ልኬላታለሁ፣ ደርሷታል። መልሱን በአማርኛ ጽፋለች፤ ፊደሉ ትንሽ ይንጋደዳል እንጂ ይነበባል። በዚህ ሳምንት ይዤልዎት እመጣለሁ።

አንድ መስሪያ ቤት አለ፤ ስሙን ትተነው። ለአንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ስንት ጊዜ «ነገ ና» እንዳለኝ እሱና እኔ እናውቃለን። ማህተም የያዘው ሰውዬ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። እዚያው መዝገብ ቤት ያለሽው እህቴ ግን ሰውዬው ቢሮ በገባ ቁጥር ሚስኮል ታደርጊልኝ ነበር። በሚስኮልሽ ነው የሰራሁት፤ ያለዚያ ግማሾቹ ያለ ወረቀት ይቀሩ ነበር።

ባለቤቴንም ረስቻት አይደለም። ለእሷ የምለውን ቤት ውስጥ እላለሁ።

እናንተም በጎ ፈቃደኞች፣ አማርኛችሁ ካልዛገ ይህን ታነቡታላችሁ። ሁላችሁም ጎበዝ ነበራችሁ አልልም። አንዳንዶቻችሁ ገና ሳትላመዱ አገራችሁ ናፍቋችሁ ሄዳችኋል፤ እሱም ነውር አይደለም። ዓለምን እንቀይራለን ብላችሁ መጥታችሁ፣ አንድ ክፍል ተማሪ ያለፈ ጊዜ ግስ በገባው ቀን ደስ ብሏችሁ የደወላችሁልኝን ግን በጣም ወድጃችሁ ነበር። አከራዮቻችሁ ጋ ደውሉ። በበዓል ብቻ አይደለም፣ በአዘቦትም ደውሉ። ስልካቸው ካልሰራ ለእኔ ጻፉልኝ፤ አዲሱን ቁጥር እልክላችኋለሁ።

ስራውን የተረከበችኝ እህታችን የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሁለቱንም ከተማ ታውቃለች፤ ከእኔ ይልቅ ትዕግስት አላት። ለሚመጣው ቡድን ክፍል መፈለግ ጀምራለች። ቧንቧ ውሃና አራዳ አካባቢ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል ያላችሁ ንገሯት። ፎርሟን ይዛ ትመጣለች፤ ቡናውን በረካ ድረስ ሳትጠጣ እንዳትለቋት።

አክባሪያችሁ
ደሴ