ካሴቶቼን ከጎርፍ ላወጣችሁልኝ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ ሌሊት የጣለው ዝናብ ከሰፈራችን በላይ ያለውን የተደፈነ ቦይ ጥሶ ወደ ቤታችን ሲገባ፣ እኔና ባለቤቴ ነፍሳችንን ይዘን ወደ ጎረቤት ወጣን። ሲነጋ ስንመለስ ውኃው ሸሽቶ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ ያጠራቀምኳቸው 214 የሙዚቃ ካሴቶች ግን በጭቃ ተለውሰው ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። በዚያ ቀንና ከዚያ ወዲህ በነበሩት ወራት የደረሳችሁልኝን ሁሉ በየቤታችሁ ዞሬ ለማመስገን ጉልበቴ ስላልፈቀደልኝ ይህን ጽፌያለሁ።

የሰፈሬ ወጣቶች ሆይ፣ ፍራሹና የእህሉ ጆንያ እያለ ካሴቶቹን አስቀድማችሁ ማውጣታችሁ ባለቤቴን እንዳስቆጣት አልደብቅም፤ እኔ ግን ውለታችሁን አልረሳም። ሱቁን ከዘጋ ዓመታት ያለፉት የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ወዳጄም ጠዋቱን ደርሶ፣ ፀሐይ ላይ ልናሰጣቸው ስንል ባያስቆመን ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር። ክሩ ሙቀት ሲያገኝ ይሸበሸባል፤ ጭቃው እንደደረቀ ከተጠነጠነ ደግሞ ድምፁን የያዘውን ቡናማ ቅብ ፍቆ ያነሣዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀን፣ ጥላ ላይ ለቀናት አድርቀን፣ በእስክሪብቶ እየጠነጠንን ብሎን ወዳለው ሌላ የካሴት ቀፎ (ክሩን ወደሚይዘው ፕላስቲክ) አዛወርነው። 160 ተርፈዋል፤ ጠጋኙ ለእጁ ዋጋ አንድ ብር አልተቀበለኝም።

ይህ ሥራ ሲሠራ፣ ወጣቶቹ በየሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ እያሳዩኝ «ጋሼ፣ ይኼን በዓይንዎ አይተውታል?» ይሉኝ ነበር። ብዙዎቹን አይቻለሁ። ስመልስላቸው ግን አንድም ጊዜ በራሴ አቅም ሄጄ እንዳላየሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይዞኝ እንደሄደ አስተዋልኩ። ስለዚህ ምስጋናዬ ወደኋላም መሄድ አለበት።

ጥላሁን ገሠሠን ለመጀመሪያ ጊዜ በመድረክ ያየሁት በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብሔራዊ ቴአትር ሲሆን፣ የወሰደችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ለጫማ ካጠራቀመችው ገንዘብ የሁለታችንን መግቢያ ከፈለች። (ጥላሁንን አንቱ የሚል አድናቂ ገጥሞኝ ስለማያውቅ እኔም አልልም፤ የሚከተሉትንም እንደዚሁ።) በሬዲዮ የማውቀው ድምፅ ከአንድ ሰው ደረት ሲወጣ ማየት አስደነገጠኝ። ዜማው ከፍ ወዳለው ቦታ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ከአፉ ያርቀው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጥነው እንኳ ቃሉ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ትደርሰን ነበር። በካሴቱ ላይ ድምፁ ሁልጊዜ እኩል ርቀት ላይ ስለሆነ ያ ማራቅና ማቅረብ አይታወቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩን ካጣ ወዲህ፣ ተቀምጦ ሲዘፍን ደግሜ አየሁት፤ ትንፋሹ ያው ነበር። በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት የማረፉ ዜና ቤታችን ሲደርስ፣ እህቴ ለእንግዳ የምታቀርበውን ወጥ እንደያዘች መሀል ወለል ላይ ቆማ ቀረች።

አስናቀች ወርቁን ያሳየኝ የትምህርት ቤት መምህሬ ነው። እሷን ብዙ ሰው በክራር ቢያውቃትም የመድረክ ተዋናይም ነበረችና፣ ዘፈኗን ስትጫወት አንዱን ስንኝ ለአንድ ሰው በዓይኗ መርጣ ትልክለት ነበር፤ የተላከለት ሰው አንገቱን ሲደፋ አዳራሹ ይስቃል። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አረፈች። የእሷ ካሴት ከተረፉት ውስጥ ነው፤ ዓይኗ ግን በካሴት የለም።

በጌታቸው መኩሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም ይልቅ በዓይን መታየት የነበረበት እሱ ነውና። በልጅነቱ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፈው ይህ ሰው፣ አያቶቻችን በጦር ሜዳና በግብር ያሰሙት የነበረውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን አመጣው። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረኩን ከጫፍ ጫፍ ሲንጎራደድ፣ መሣሪያውን እንደ ጠመንጃ ወደ ላይ ሲያነሣ፣ ፎካሪ ትንፋሽ ሰብስቦ እንደሚያቆም አቁሞ ድንገት ሲለቀው፣ ከወንበሩ የማይነሣ አልነበረም። በስተርጅናው ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አውሮፓን ሲዞር፣ የእኛን ፉከራ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እኔ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ያኔ ሾፌር የነበረው የእህቴ ባል ይዞን ሄዶ ነው። ያን ምሽት በትንሽ መቅረጫ ሰርቄ ቀዳሁት። ጎርፉ ካበላሻቸው ሁሉ ያስጨነቀኝም ያ ካሴት ነበር፤ ምክንያቱም በመካከሉ የእህቴ እልልታ አለበት፣ እሷም ዛሬ በሕይወት የለችም። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ያን ካሴት ሌሊቱን ሙሉ ሰምተነዋል። ጠጋኙ ወዳጄ የተቆረጠውን ሁለት ቦታ ቀጥሎ መለሰልኝ፤ ከመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ጠፍቷል፣ እልልታው ግን አለ።

አለማየሁ እሸቴን በጣይቱ ሆቴል፣ ጃዛምባ በሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ፣ ከጠረጴዛዬ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ አየሁት። የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን የመጀመሪያ ሸክላ የዘፈነው ያ የወጣቶች ጣዖት፣ ሰባ ዓመት ሞልቶትም ኮቱን አስተካክሎ፣ ጉልበቱን ሰብሮ ይጨፍር ነበር። አዳራሹ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ፤ እሱም ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፈ። ድምፃዊ ኢዮብ መኮንንን ደግሞ ያሳየችኝ ልጄ ናት፤ «የእናንተ ዘመን ብቻ አይደለም» ብላ በግድ ወሰደችኝ፣ ልክም ነበረች። በ2005 ዓ.ም. ገና በ37 ዓመቱ ተለየን።

ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ቆመው ስማቸው ሽፋኑ ላይ ላልተጻፈ የከበሮ፣ የቤዝና የትራምፔት ተጫዋቾች፣ መጋረጃ ለሚስቡትና መብራት ለሚያበሩት፣ እንዲሁም አንድ ምሽት ትኬት ሳይኖረኝ «ግባና ዳር ቁም» ላለኝ በር ጠባቂ ምስጋናዬ ይድረስ።

የጠፉብኝን ለመተካት ከዋሽንግተን በሰው እጅ ዘጠኝ ካሴት ለላከልኝ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ከቴል አቪቭ የአባቷን ቅጂ በፍላሽ ገልብጣ ለላከችልኝ እህት፣ የተረፉትን ወደ ኮምፒውተር ላስገባልኝ የጎረቤቴ ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም ፍራሹን ይቅር ብላኛለች።

በመጨረሻም፣ በማዛወሩ ሥራ ላይ ቀፎ ያዋሳችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ፣ የእኔ ያልሆኑ 11 ቀፎዎች ቤቴ ይገኛሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ስለሚፈላ፣ የራሳችሁን ለይታችሁ ውሰዱ፤ የጌታቸውንም ካሴት ያን ጊዜ አሰማችኋለሁ።