የመርከባችን ደወል የት ደረሰ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 71 ዓመቴ ነው። በ1965 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብቼ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከባችን ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሽማግሌ ትዝታ የሚሰለቸው አንባቢ ካለ ከወዲሁ ገጹን እንዲገልጥ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ዛሬ መርከብ አሳይሃለሁ» ብላ ባልቲሞር ይዛኝ ሄደች። ታክሲ ስነዳ ስንት ሰው እዚያ አድርሻለሁ። ወደቡ ዳር ግን አንድ ቀን ወርጄ አላውቅም። ሳስበው ሆን ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የምትታየው ኮንስተሌሽን ናት። ሦስት ምሰሶ ያላት፣ በሸራ የምትሄድ የጦር መርከብ። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1854 ነው። ባልቲሞሮች ግን ይህን ለመቀበል ዘመን ፈጅቶባቸዋል። በ1797 እዚያው ባልቲሞር የተሠራች ሌላ ኮንስተሌሽን ነበረች። «ይቺ ያቺው ናት» ብለው መርከቧን የድሮዋን አስመስለው ሲያሳዩ ኖሩ። ኋላ ባለሙያ ተመራመረና «የለም፣ ይቺ ሌላ ናት» አለ። መቼስ ያን ያህል ከኮሩ በኋላ 57 ዓመት ሲቀነስባችሁ ያማል። ቢሆንም ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አድሰው የራሷን መልክ መለሱላት።

ከታች የባሕረኞቹ መኝታ አለ። ሸራ አልጋዎቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ጭንቅላቴን ሁለት ጊዜ ገጨሁ። የልጅ ልጄ በዚህ ስትስቅ ቆይታ ኮራ የምትባል የባሪያ መርከብ ታሪክ ስታነብ ዝም አለች። ኮንስተሌሽን ከ1859 ጀምሮ በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ የባሪያ ፈንጋይ መርከቦችን እየተከታተለች ትይዝ ነበር። በመስከረም 1860 ኮንጎ ወንዝ አፍ አጠገብ ኮራን በሌሊት አሳዳ ያዘች። ውስጧ 705 ሰዎች ነበሩ። የተወሰዱት ግን ወደየቤታቸው አይደለም፣ ወደማያውቋት ላይቤሪያ ነው። በዚያው ዓመት እኛ በቆምንበት በሜሪላንድ ባርነት ገና በሕግ የተፈቀደ ነበር። ልጅቷ «እና እዚህ ያሉትንስ ማን አስፈታቸው?» አለችኝ። መልሱን ለእናቷ ተውኩት።

ቀዩን የመብራት መርከብ ቼሳፒክን ከውጭ አይተን አለፍን። ቶርስክ ውስጥ ግን ገባሁ። ሰርጓጅ ናት፣ አፍንጫዋ ላይ የሻርክ ጥርስ ተሥሎባታል። በሮቿ ለእኔ ሆድ አልተሠሩም። እንደምንም እየተሽሎከሎክኩ ሞተር ክፍሉ ስደርስ አሮጌው የናፍጣ ሽታ መጣብኝ። ከ40 ዓመት በላይ ያልሸተተኝ ሽታ ነው። እግሬ ከዳኝና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ደንግጣ ውኃ ልታመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ ግን ፒየር 5 ላይ ያለችው የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ናት። ጃፓን ፐርል ሃርበርን እ.ኤ.አ. በ1941 ስትደበድብ ሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ ነበረች። እስከ 1986 ሠርታለች። ስሟ ቴኒ ነበር፣ በሰው ስም። ሰውየው «ጥቁር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም» ብሎ በ1857 የፈረደው ዳኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙ ከመርከቧ ተነሳ። ዛሬ የምትጠራው በቁጥሯ ነው፣ 37 ተብላ። ስሙን ፋቁ፣ መርከቧን ግን አልቆረጧትም! እዚያ ቆሜ ይህችን ነገር ደጋግሜ አሰብኳት።

ምክንያቱም የእኛዋን አውቃለሁ። «ኢትዮጵያ» ስትሠራ ኦርካ ነበር ስሟ። በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ባሕር ኃይልን የተቀላቀለች፣ የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን የምትረዳ መርከብ ነበረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው፣ 37ቷ 100 ሜትር ገደማ ናት። በአንድ ንድፍ ከተሠሩት ከኦርካ እህቶች 18ቱን ይኸው የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ወስዶ ሲሠራባቸው ኖሯል። ስለዚህ የ37ቷን መሰላል ስወጣ እግሬ መንገዱን ያውቀዋል ብል አላጋነንኩም። በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጠችን። ስንቱ ዕጩ መኮንን ባሕር የለመደው በእሷ ላይ ነው። የባሕር ኃይል ቀን ሲሆን የአሜሪካውም የእንግሊዙም የሶቪየቱም መርከብ ምጽዋ ሲገባ፣ እኛ ነጭ ለብሰን እንሰለፋለን። የምጽዋን ሙቀት የሚያውቅ፣ ያን ልብስ ነጭ አድርጎ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ባሕረኞቹ ይዘዋት የመን ገቡ። በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ለቆራሌው ማለት ነው። እኔ ያኔ እዚህ ታክሲ ላይ ነበርኩ። ወሬውን አንድ ጓደኛዬ በስልክ ሲነግረኝ መንገደኛ ጭኜ ስለነበር «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

የሸጣትን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። መርከብ ማቆየት ገንዘብ ይበላል፣ ወደብም አልነበረንም። ግን ደወሏስ? የጉዞ መዝገቧስ? ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳስ? ባልቲሞር ላይ ያየሁት እኮ መርከብ ብቻ አይደለም። የባሕረኛ ሳህንና ምላጭ ሳይቀር መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ «የንጉሡ ነው»፣ «የደርግ ነው» እየተባለ ስንቱ ነገር ተጣለ።

የዛሬ 12 ዓመት አዲስ አበባ ስመጣ 9 ፎቶዎች ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ከየት ነው የተላኩት? ደብዳቤ አለዎት?» አለችኝ። የራሴ ናቸው አልኳት። «እሱ አይሆንም፣ ደብዳቤ ያጽፉ» አለችኝ። ማንን እንደማጽፍ ግራ ገብቶኝ ፎቶዎቼን ወደ ብስኩት ቆርቆሯቸው መለስኳቸው።

አሁን ባሕር ኃይላችን እንደገና ተቋቁሟል። አዲሶቹ ልጆች የእኛን ፎቶ ቢያዩ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ እያለቁ ነው። መዝገብም ይሁን የደንብ ልብስ ወይም ፎቶ ያላችሁ፣ ከአባታችሁ ሳጥን ውስጥ ያገኛችሁም ብትሆኑ፣ እባካችሁ ለዚህ ዝግጅት ክፍል ጻፉ። ስለ ደወሉ የሚያውቅ ካለማ ቢቀድም ደስታዬ ነው።

9ኙን ፎቶዎች የልጅ ልጄ በስልኳ አንስታልኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያቸዋለሁ። በአንዱ ላይ መሰላሉ ሥር ከእኔ በስተግራ አንድ ቀጭን ልጅ ቆሟል። አንድ ዓመት ሙሉ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር፣ ስሙ ግን ጠፋኝ። የሚያውቀው ካለ ይንገረኝ።

የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ