ለአባባ፣ ስለ ትንሿ የመጀመሪያ ዓመት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ትንሿ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፈተናዋን ውጤት ስትነግርዎ «ያቺ ጎበዝ ልጅ ምን ነካት?» ብለው መጨነቅዎን ሰማሁ። ምንም አልነካትም፤ ያልተለወጠው የአጠናን ዘዴዋ ነው። ስትደውል የሚጠይቋትን እንዲያውቁ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የትምህርቱ ፍጥነት ነው። ለአንድ ሰዓት ሌክቸር ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ያስፈልጋል የሚለው የተለመደ ስሌት ነው። በሳምንት 15 ሰዓት ክፍል የምትገባ ተማሪ ሌላ 30 ሰዓት ይጠብቃታል ማለት ነው። ይህን ለቅዳሜና እሑድ ካቆየችው አይገፋም፤ የሰኞው ካልኩለስ ሳይገባት የረቡዑ ይደረብበታል።

ከፍጥነቱ የሚብሰው ግን ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ነው። መምህሩ የሠራውን ምሳሌ ሲያነቡት ሁሉም መስመር ግልጽ ስለሆነ የገባን ይመስለናል። ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ተገኙ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ያነበቡትን ሳያዩ በማስታወስ ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ስለዚህ ደብተሩን ዘግታ ምሳሌውን በባዶ ወረቀት ትሥራው። የቆመችበትን መስመር ብቻ ከፍታ ትይና በማግስቱ ከመጀመሪያው ትድገመው። እልኸኛ ስለሆነች (ከማን እንደወረሰችው ያውቃሉ) አንድ ጥያቄ ላይ ግማሽ ቀን እንዳታቃጥል ይንገሯት። ግማሽ ሰዓት ታግላ ካቃታት የት እንደቆመች ጽፋ ወደ ጓደኞቿ ወይም ወደ መምህሩ ትሂድ። ጥያቄውን ሳይነኩ በቡድን መሰብሰብ ግን የአንዱን ጎበዝ ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

ፊዚክስ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ አይደለም። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ብዙ ተማሪ አክስለሬሽኑንም (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን) ዜሮ ብሎ ይጽፋል፤ እሱ ግን እዚያም ላይ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ቀመር ከመፈለጓ በፊት ዕቃው ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በቀስት ትሣል፤ ለእያንዳንዱ ቀስትም ኃይሉን የሚያሳርፈው ምን እንደሆነ ትጻፍ። የሚያሳርፈው ነገር የሌለው ቀስት ይሰረዛል። ካልኩሌተሯንም ትይ፤ ሳይን 30 ስትጽፍ 0.5 ካልሰጣት ዲግሪ ላይ አይደለም፤ −0.988 ካለ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው።

ቤተ ሙከራው የራሱ ዓለም ነው። መመሪያውን ሳያነብ የገባ ተማሪ ሰዓቱን የሚጨርሰው ዕቃ በመፈለግ ነው። በኬሚስትሪ ቲትሬሽን ሲሠሩ፣ ማለትም ቡሬት ከሚባል ረጅም ቱቦ ቤዝ እያንጠባጠቡ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን አሲድ ሲለኩ፣ ቡሬቱ በየ0.1 ሚሊ ሊትር የተሰመረ ስለሆነ ንባቡ እስከ 0.01 ይገመታል፤ 24.3 ሳይሆን 24.30 ተብሎ ይጻፋል። ዓይን ከፈሳሹ ጋር ትክክል መሆን አለበት፤ የሚነበበውም የፈሳሹ ገጽ የጎደጎደበት ታችኛው ጫፍ ነው። ከመጀመሯ በፊት የቡሬቱን ጫፍ ትመልከት። እዚያ የቀረ የአየር አረፋ መሐል ላይ ከወጣ ቦታውን ፈሳሽ ይሞላዋል፤ ያ ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ሳይገባ እንደገባ ይቆጠራል፤ አሲዱም ከእውነቱ በላይ የጠነከረ ይመስላል። የአሲዱን ማለቅ በቀለም የሚያሳየው ጠቋሚ ፊኖልፍታሊን ከሆነ የሚፈለገው 30 ሰከንድ ያህል የሚቆይ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ደማቅ ከሆነ አልፏል፣ ይደገማል።

ስለ አደጋው እንዳይሰጉ፤ መነጽርና የተሸፈነ ጫማ ካደረገች፣ ሰልፈሪክ አሲድ ስታቀጥንም አሲዱን ቀስ እያለች ወደ ውኃው ከጨመረች ደህና ናት። ውኃውን ወደ አሲዱ ከጨመረች ግን ቀለል ያለው ውኃ ከላይ ሆኖ ይፈላና አሲዱን ይረጨዋል።

ሪፖርቱ ላይ «ልዩነቱ በሰው ስሕተት የመጣ ነው» ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስቆርጣል፤ በእኔ አስተያየት ማስቆረጡም ተገቢ ነው። የትኛው መለኪያ ውጤቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደገፋው መናገር አለባት። ቁጥሮቹን በቀጥታ በእስክሪብቶ ደብተሯ ላይ ትመዝግብ፤ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ትሰርዘው እንጂ አትፋቀው።

እንግዲህ ስትደውል «ስንት አገኘሽ?» ከማለት «ዛሬ ደብተር ሳትከፍቺ ምን ሠራሽ?» ቢሏት ይሻላል። የፈተና ወረቀቷ ሲመለስ የሳተችውን ሁሉ እንደገና ሠርታው እንደሆነም ይጠይቋት። ኮርስ ማቋረጥ የሚፈቀድበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ ከአሁኑ ታጣራ፤ ምናልባት ባያስፈልጋትም ቀኑ ካለፈ በኋላ ማወቅ አይጠቅማትም። ከፈተና በፊት ባለው ሌሊትም ትተኛ፤ እዚህ ላይ የእርስዎን ቃል ከእኔ ይልቅ ትሰማለች።

እማማን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ