ይድረስ ለአባባ፣ ዜጌ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

"ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው?" እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክማ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። "ደህና ነኝ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? በይ ካርድሽን አትጨርሺ" ይሉና ይዘጉታል። ካርዱን የምሞላው እንዲያልቅ ነው እኮ አባባ። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ዲያቆኑ ያነብልዎታል። ዲያቆን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቡና ሳይፈላልህ እንዳትጀምር። አንዳንድ ቦታ ላይ "ቀስ በል" ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ እዚያ ላይ አትቸኩል።

መጀመሪያ የሚሚን ላውራዎት። ሚሚ ግቢ ልትገባ ነው። የደረሳት እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከቤታችን በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እኔ ከቤት እየተመላለሰች ትማራለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ግን "እማዬ፣ ቤት እያደሩ ምኑን ግቢ ገቡት?" አለችኝ። ዶርም ካልገባሁ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። አባቷ ወዲያው ለእሷ አደላ። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? አሁን አንሶላ፣ የሎከር ቁልፍ፣ ባልዲ እየገዛን ነው። ባልዲው ቢጫ ካልሆነ ብላ ገበያውን ሁለቴ አዞረችኝ። ብስክሌትም ትፈልጋለች። ባሕር ዳር መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሁሉም ይነዳል፣ ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ባጃጆቹን እርስዎም ያውቋቸዋል።

ትንሹ ወንድሟ ከአሁኑ አልጋዋን ይዟል።

ባለፈው "ለመሆኑ ዶክተር ናት?" ብለው ጠየቁኝ፤ በደንብ ሳላስረዳዎት ተዘጋ። አሁን እንደዚያ አይደለም አባባ። የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ነው የሚማሩት፤ ፍሬሽማን የሚባለው። ቀርቶ ነበር፣ በ2012 ተመልሶ መጣ። ዲፓርትመንት የሚመርጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ የፈለጉትን ለማግኘትም ውጤት ይጠይቃል። ስለዚህ በየሰንበቴው "የልጅ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው" ማለትዎን ለጊዜው ይተዉልኝ። ወሬው ይደርሳታል። መግባቷ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረ ጊዜ፣ በ2015፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበር። ያን ዓመት የእኔ ተማሪዎች ውጤታቸውን ስልክ ላይ አይተው ሲያለቅሱ አብሬ አልቅሻለሁ። ሚሚ ያንን ወንፊት አልፋለች። ሲጨርሱም የመውጫ ፈተና አለ። በመግቢያም በመውጫም ፈተና። ስለዚህ መሀል ላይ እኛ ሌላ ፈተና ባንሆንባት ጥሩ ነው።

ለክፍያ ብለው የቡናውን ብር ሊልኩ እንዳሰቡም ሰማሁ። ይተዉት። ምግቡም ዶርሙም በወጪ መጋራት ነው፤ ፈርማ ትገባለች፣ ሥራ ስትይዝ ድርሻዋን ትከፍላለች። እኔ ስገባ ይሄ አልነበረም፣ በ1996 ነው የመጣው። እኛ ስንገባ በነፃ ነበር የምንበላው። ለሳሙናና ለፎቶ ኮፒ አባቷና እኔ አናንስም። እርስዎ ለእኔ ያደረጉትን አልረሳሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ጋቢ እንደለበሱ አውቃለሁ።

ሌላው የዓይንዎ ነገር ነው። ለፍልሰታ ስመጣ ሲኒውን ሊያስቀምጡ ረከቦቱን ስተው መሬት ሲደፉት አይቻለሁ። "ድመቷ ነካችኝ" አሉ። ድመቷ ውጭ ነበረች አባባ። የዓይን ሞራ ነው፣ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ቢላዋ ሲባል የሚታይዎት ዓይነት አይደለም። ዓይኑን ብቻ ያደነዝዙታል። የደፈረሰውን ሌንስ ያወጡና ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ሰውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እርስዎ ደግሞ "ከእንግዲህ ምን ላይበት?" ይላሉ። ለምሳሌ አዲሱን የአባይ ድልድይ። በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ለለቅሶ ስንሄድ ሁለት ጊዜ አሻግሬዎታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መሀሉ ላይ ሆነው "ድልድዩ ጋ ደረስን ወይ?" ነው ያሉኝ። 380 ሜትር ድልድይ።

ዲያቆን፣ ከዚህ በኋላ ቀስ በል። ሰው ካለ እስኪወጣ ጠብቅ።

አባባ፣ እንደሚያውቁት ሃያ ዓመት አልፎኛል ኬሚስትሪ ሳስተምር። በየዓመቱ 12ኛ ክፍሎችን ስሸኝ ምክር አላጣም። ትምህርት አታጠራቅሙ፣ ያልገባችሁን መምህሩ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እንቅልፍ አትዝለሉ፣ እያልኩ አወርደዋለሁ። ባለፈው ማታ ለሚሚም ያንኑ እያወረድኩላት ሳለ "እሺ፣ አንቺ ግቢ እያለሽ ምን ታደርጊ ነበር?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ድስቱ አረረብኝ ብዬ ተነሣሁ። ድስት አልጣድኩም ነበር።

እርስዎ ያንን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። 1993፣ መስከረም መጨረሻ። ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ፣ ፖሊና ፔዳ የምንላቸው፣ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከተባሉ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። ሳጥኔን ተሸክመው እስከ ጀልባው ወረዱ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዳቦ ቆሎውን ከረጢት እያሰረች መልሳ ትፈታለች። ሳጥኑን ጀልባው ላይ አስቀመጡና ፊቴን ሳያዩ "ከወደቅሽ በዚህ ጀልባ እንዳትመለሺ" አሉኝ። ባለጀልባው ሰምቷል። አብረውኝ የተሳፈሩት ሁሉ ሰምተዋል።

ለምን እንደዚያ እንዳሉ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ያንን ሴሚስተር እንዴት እንዳሳለፍኩት ልንገርዎት። ላይብረሪው ሲከፈት ገብቼ ሲዘጋ እወጣለሁ። ዶርም ውስጥ ስምንት ነበርን፤ ሰባቱ "መነኩሲት" ነበር የሚሉኝ። ደብተሬን አነበዋለሁ፣ እንደገና አነበዋለሁ፣ በቀይ አሰምርበታለሁ፣ በሰማያዊ ደግሞ ከላይ አሰምርበታለሁ። ሲያነቡት ሁሉም የሚታወቅ ይመስላል። ፈተና ላይ ስቀመጥ አንድም አይመጣልኝም። ያልገባኝን አልጠይቅም፤ ከጠየቅኩ አለማወቄ ይታወቃላ። መምህሩ በየሳምንቱ የመጠየቂያ ሰዓቱን በሩ ላይ ለጥፎ ነበር። በዚያ በር አምስት ወር አለፍኩ አገደምኩ፣ አንድ ቀን አላንኳኳሁም።

ውጤት ኖቲስ ቦርድ ላይ ተለጠፈ። 1.82። ዋርኒንግ፤ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው።

አባባ፣ "ልጄ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም" ብለው ለሰው ሲያወሩ 25 ዓመት ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ወድቄ ነበር።

ተማሪው ሁሉ ለእረፍት ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ ዶርም ቀረሁ። ለፋሲካም "ፈተና አለብን" ብዬ ላክሁብዎት። ፈተና አልነበረም። ቀኑ ሲጠራ ዜጌ ከባሕር ዳር ይታያል፤ ጫካው ጥቁር ሆኖ ውኃው ላይ የተኛ ይመስላል። ያንን ላለማየት በሐይቁ በኩል አላልፍም ነበር። ከተማ ስወጣ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ጣናን ሊያይ ይመጣል፤ እኔ ዳሩ ላይ እየኖርኩ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የከረምኩት።

እማዬ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። የግቢው በር ላይ አየችኝና "ከሳሽ" አለች። ነገርኳት። ምንም አላለችኝም፤ ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝ። ቆማ አስበላችኝ። ለእርስዎ አልነገረችዎትም አይደል? እኔም እንዳልነገረችዎት የገባኝ በምርቃቴ ቀን ሲፎክሩ ነው።

ያዳነችኝ ከታች አልጋ የምትተኛ የደሴ ልጅ ናት። ቀልደኛ ነበረች፤ ማታ ድራማ ክበብ ታመሻለች፣ ሌሊቱን ለጥ ብላ ትተኛለች፣ ከእኔ በላይ ታመጣለች። በጣም ያናድደኝ ነበር። ዋርኒንጌን ስታውቅ ደብተሬን ነጥቃ ዘጋችው። "አሁን ንገሪኝ" አለች። ምኑን? "ያነበብሽውን። ለእኔ አስተምሪኝ።" ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ቆምኩ። "ይኸውልሽ፣ የማታውቂው እዚህ ጋ ነው" አለችና ደብተሩን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲያ በየማታው አንድ ሰዓት እንዲያ ሆነ፤ ይነበባል፣ ይዘጋል፣ ይነገራል። አንድ ቀን ደግሞ እጄን ይዛ ያ መምህር በር ላይ አቆመችኝና አንኳኩታ ሮጠች። እሷ ኮሪደሩ ጫፍ ሆና ትስቃለች፣ እኔ ከመምህሩ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ሰውየው ወንበር ስቦ "ምን አስቸገረሽ?" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ለካ ሰው ይጠየቃል።

ዛሬ ክፍል ገብቼ "ደብተር ዝጉ፣ አሁን ንገሩኝ" ስል ተማሪዎቼ ከእኔ የመጣ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛውን ሴሚስተር አለፍኩ፤ ከዚያ በኋላም ወድቄ አላውቅም። ግን ፍርሃቱ አልወጣልኝም። ልጆቹ ጢስ አባይ ሊያዩ ሲሄዱ፣ 30 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ እኔ ኖት እገለብጥ ነበር። የደሴዋ ልጅ ድራማ ስትሠራ አንድ ቀን አላየኋትም። አሁን የጥንት ፎቶ ሲለጥፉ ሁሉም አሉ፣ እኔ የለሁም። ዲግሪውን አመጣሁልዎት። አራቱን ዓመት ግን የት እንዳደረስኩት አላውቅም።

ይህን የምጽፈው እንዲከፉብኝ አይደለም። ምናልባት ትንሽ ይክፋዎት። ቢከፋዎትም ይህንን አንዴ እንኳ ሳላወራዎት መቅረት ፈራሁ። ዓይን ብቻ አይደለም እኮ፤ ሰማንያ ሞልቶዎታል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሚሚ ቅዳሜ ለምርቃት ትመጣለች። በጉልበትዎ አስበርክከው ይመርቋት፣ እንደ ወጉ እንትፍ እንትፍ ይበሉባት። ከኪዳነ ምህረት ጠበልም ይላኩልን። እርስዎን ትፈራዎታለች፣ ትወድዎታለችም፤ የሚሏትን ይዛው ነው የምትገባው። ስለዚህ "እናትሽ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም" አይበሏት። የጀልባውንም ነገር አይበሏት። "ከከበደሽ ነይ" ይበሏት። ከእኔ ከሰማችው ምክር ነው፣ ከእርስዎ ከሰማችው ሌላ ነው።

እሑድ አብረዋት ይምጡ። ሰኞ ጠዋት ለዓይንዎ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ያዝኩ እንጂ ልይዝ ነው አላልኩም። በየብስ አይሞክሩት፣ መንገዱ እንደሚያውቁት ነው። በጀልባ ይምጡ። መውረጃው ጋ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ከዘራው ላይ ብቻ አይደገፉ፣ የሚሚን እጅ ይያዙ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ከነካርቶኑ ያምጡት፣ ሐኪሙ ማየት አለበት። ቡና አያምጡ፣ ያለፈውም አላለቀም። ሎሚ ካለ ግን አልጠላም።

ልጅዎ

ዲያቆን፣ መልስ ካላቸው አንተው ጻፍልኝና በሚሚ እጅ ላከው። ዝም ካሉም "ዝም አሉ" ብለህ ጻፍ።