ፕለሙን አበባው ላይ ድረሱለት

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ጓሮ አትክልት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ከጎመንና ከቃሪያ አልፈን ፍራፍሬ መትከል ከጀመርን ቆይተናልና ጉዳዩ የብዙዎቻችን ነው። ስለ ፕለም በተጻፈው ግን አልስማማም። "ፍሬው መበስበስ ሲጀምር መድኃኒት ይርጩ" ይላል። ያኔማ ነገሩ አልፏል። የፕለም ዋናው ሥራ ያለው ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ አበባው ሊፈነዳ ሲል ነው።

ሐምሌ ላይ ፍሬውን ቡናማ አድርጎ ግራጫ ዱቄት የሚያለብሰው ፈንገስ ያን ሰሞን የመጣ እንግዳ አይደለም። ብርዱን ያሳለፈው እዚያው ነው፤ አምና በስብሶ፣ ተጨማዶ፣ ዛፉ ላይ ደርቆ በቀረው ፍሬ ውስጥ። መሬት ወድቆ ግማሹን አፈር የለበሰውም አለ። አበባው በሚፈነዳበት ሰሞን ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ከዚያ ፍሬ ላይ ትንሽ ቡናማ ጽዋ የመሰለች እንጉዳይ በቅላ ልታገኙ ትችላላችሁ። የእሷን ብናኝ ነፋስ ወስዶ አበባው ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ የሚፈልገው እርጥበት ብቻ ነው። ሙቀቱ 77 ፋራናይት ከሆነ አበባው ለ5 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ይበቃዋል። 50 ከሆነ ወደ 18 ሰዓት ይፈልጋል። የእኛን አካባቢ የኤፕሪል ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ አይደለም። የተያዘው አበባ ይጠወልግና ሳይረግፍ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሥሩ ላይም የሙጫ ጠብታ ይታያል። ብዙ ሰው "ብርድ መታው" ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛፉ እምቡጥ ሳያወጣ የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም፣ የወደቀውንም መጥረግ፣ ሁሉንም በፌስታል አስሮ ከግቢ ማስወጣት ነው። መሐሉ የተጨናነቀ ዛፍ ደግሞ ነፋስ እንዲያገኝ ይገረዝ።

በዚያው አጋጣሚ ቅርንጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር እባጭም ፈልጉት። ይህ ሌላ ፈንገስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ እብጠት ስለሆነ ዓይን አይስበውም፤ በሁለተኛው ግን ጠንክሮ ከሰል ይመስላል። ዝናብ ሲዘንብ ብናኙን የሚረጨው በዚያው በአበባው ሰሞን ነው። ከእባጩ በታች ቢያንስ 4 ኢንች ወርዳችሁ ቁረጡት። ቆርጦ ዛፉ ሥር መጣል ግን ዋጋ የለውም፤ መሬት ላይም ሆኖ ብናኝ ይበትናል። ገና ልትተክሉ ከሆነ ስታንሊ የሚባለው ዝርያ በዚህ በሽታ ክፉኛ እንደሚጠቃ እወቁ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ዛፋቸው በአበባ ተሸፍኖ ሳለ ሊረጩ ሲዘጋጁ ደረስኩ። ጠርሙሱን ተቀብዬ አነበብኩት። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ንብ ይፈጃል" አልኳቸው። ደነገጡ። "የፍራፍሬ መድኃኒት ነው ብለው ሸጡልኝ እኮ ልጄ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለጓሮ ፍራፍሬ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ፀረ ፈንገሱንና ፀረ ተባዩን አንድ ላይ የቀላቀሉ አሉ። ካፕታን የሚባለው ለፈንገስ ነው። ማላታይንና ካርባሪል ግን ለነፍሳት ናቸው፤ ንብንም አይምሩም። ብዙ የፕለም ዝርያ ደግሞ ከሌላ ዝርያ የአበባ ብናኝ ካላገኘ አያፈራም፤ ያንን የምታመጣለት ንብ ናት። አበባ ላይ ቅልቅሉን የረጨ ሰው ንቧንም ፍሬውንም ያጣል።

አበባ ላይ የሚረጨው ፀረ ፈንገስ ብቻ ነው፤ እሱም ንቦቹ ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል ይጀመራል። ዝናቡ ካላባራ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው መመሪያ (ሌብሉ) በሚለው ቀን ልዩነት አበባው እስኪረግፍ ይደገማል። ሌብሉ ላይ ፕለም የሚል ከሌለ ፕለም ላይ አይረጭም። ካፕታን ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ መነጽርና ጓንት የግድ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነና አምና በሽታ ካልነበረ ጨርሶ ባይረጭም ምንም አይደል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሌብሉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ደቃቅ ነው። ጓሮውን የሚንከባከቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቻችን ናቸው። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ዛፉ ሳይነቃ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ አውጡላቸው። የትኛው ስም የፈንገስ፣ የትኛው የተባይ መድኃኒት እንደሆነ በትልቅ ፊደል ይጻፍ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምክር አገልግሎት (ኤክስቴንሽን) የታመመውን ቅርንጫፍ ፎቶ ለላከለት ሰው በነፃ እንደሚመልስም አክሉበት። መተርጎሙን እኔ በደስታ እሠራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ