ሰይዶ፣ ያቺን ዝንብ ታስታውሳታለህ?

ሰይዶ እንዴት ነህ ባክህ፣ እማ ደህና ናቸው? አራት አመት ሙሉ ጠፍቶ ዛሬ ከየት ተገኘ ብትለኝ እውነትህን ነው አልከራከርም። ደሴ እንደምታውቃት ናት፣ ብርዱ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳ ላይ ቆሟል፣ ጋቢ ተጠቅልዬ ነው የምጽፍልህ።

ሃይስኩል እያለን ሂፕኖቲዝም፣ ያው ሰውን በቃል ብቻ ማፍዘዝ፣ አሳያችኋለሁ ብሎ የመጣው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ዝንብ ፊትህ ላይ እየዞረች ነው ሲል አንተ አይንህን ጨፍነህ በእጅህ ስታባርራት፣ አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ፣ እኔ ደሞ በአንድ አይኔ ሳጮልቅ። "ፉዞ" የሚለውን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ ሰይዶ። አንተ ያ ኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ነው ብለህ አመት ሙሉ አኮረፍከው፣ እኔም እያወኩ ዝም አልኩ።

ሰሞኑን ስለዚህ ነገር ሳነብ ነበር፣ ለካ ዝንቧ የሰውዬው ፈጠራ አይደለችም፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋይዘንሆፈርና ሂልጋርድ የሚባሉ ሰዎች በፈረንጆቹ 1959 ባወጡት፣ ሰው በሂፕኖቲዝም ምን ያህል እንደሚያዝ በሚለካ መለኪያ ውስጥ ካሉት 12 ፈተናዎች አንዷ ናት። እጅህ ከበደ፣ ጣቶችህ ተቆላልፈዋል አይላቀቁም፣ ስምህን መናገር አትችልም ምናምን እያሉ ስንቱ እንደሰራብህ ይቆጥራሉ። አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው የሚወድቀው፣ ከላይ የሚገባው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ቢሆን ነው፣ እንደኔ ጨርሶ የማይነካው ደረቅም አይጠፋም።

እኛ አገር አፍዝ አደንግዝ ብለን ሞኝ ሰው ላይ ነው የሚሰራው እንላለን አይደል? ወላሂ ከሞኝነት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ወንድ ሴት ብሎም ያን ያህል አይለይም። ሰው ይሆንልኛል ብሎ መጠበቁ ያግዛል፣ ሌላው መመሰጥ ነው፣ አንድ ነገር ሲሰሙ ወይ ሲያዩ ጭልጥ ብሎ መግባት፣ እሱም ብቻውን ባይወስንም። ይሄን ሳነብ አያትህ ቤት ሀድራው ትዝ አለኝ፣ መንዙማው ሲደምቅ አንተ ሲኒው እጅህ ላይ ቀዝቅዞ ስም ስንጠራህ አትሰማም፣ እኔ እኮ ያኔ ስንት ሰው እንደገባና ቡናው ለሁላችን ይደርስ እንደሁ ነበር የምቆጥረው። ማን ነው ታዲያ የጎደለበት?

ደሞ ይሄ በሂፕኖቲዝም የመያዝ ነገር ከሰው ጋር የሚኖር ነው፣ በፈረንጆቹ 1989 በወጣ ጥናት ተማሪ ሳሉ የተለኩ 50 ሰዎችን ከ25 አመት በኋላ መልሰው ሲለኳቸው አብዛኞቹ እዛው አካባቢ ነው የተገኙት። ስለዚህ ዝንቧ ዛሬም ሳትመጣብህ አትቀርም ሃሃ።

ልጆች ላይ ይበረታል፣ በተለይ ከ9 እስከ 12 ባለው እድሜ። ልጄ አስር ሞልቷታል አቦ፣ ማመን አቃተኝ፣ አይኗን አስጨፍኜ እጆችሽ ማግኔት ናቸው ይሳሳባሉ አልኳት፣ ቀስ እያሉ መጥተው ገጠሙ፣ "አባዬ ራሳቸው ሄዱ እኮ!" ብላ ጮኸች። ያ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ከዛ በኋላ ነው ወረቀት የፈለኩት።

ያ ኋላ ወንበር የነበረው ልጅ አሁን ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍቷል። ለመውሊድ ከመጣህ አብረን እንሂድና እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፣ ካልመጣህ ግን ደውልለት፣ ቁጥሩን እልክልሃለሁ።