በኢሜይል ስለምንልካቸው ሊንኮች

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

በስብሰባ ጥሪው ኢሜይል ላይ ያለውን ሊንክ ስትጫኑ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶባችሁ ለደወላችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን። ማስጠንቀቂያውን ዘላችሁ አለመግባታችሁ ልክ ነበር።

ጥፋቱ የእኛው ነው። ድረ ገጻችን የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (የድረ ገጹን ማንነት ለኮምፒውተራችሁ የሚያረጋግጥ ማስረጃ) አለው፤ ሊንኩ ግን ስንት ሰው እንደከፈተው ለመቁጠር ሲባል መጀመሪያ በሌላ ንዑስ አድራሻ በኩል ያልፋል። ሰርተፊኬት እንደ መታወቂያ ነው፤ ለተጻፈበት ስም ብቻ ይሠራል። የዚያ ንዑስ አድራሻ ስም ደግሞ አልገባበትም። አሁን ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት በነፃ አውጥተንለታል። የሚያገለግለው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩ በየ60 ቀኑ ራሱ እንዲያድሰው አድርገናል። በሰው ትዝታ ላይ መተው ምን እንደሚያመጣ አምና አይተነዋል።

ትናንት ግን አንድ አባላችን ከፒያሳ ደውለው «አሁንም ያው ነው» አሉን። ቢሯቸው ድረስ ሄድን። ሰርተፊኬቱ ደህና፣ አድራሻው ደህና። በመጨረሻ ዓይናችን ከስክሪኑ ጥግ ላይ ካለው ቀን ላይ አረፈ፤ ለካ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውታል! ለኮምፒውተሩ ሰርተፊኬቱ ሥራ ሊጀምር ገና ከ7 ዓመት በላይ ይቀረዋል፤ ታዲያ እንዴት ይመነው? ወደ ፈረንጆቹ ስንመልሰው ወዲያው ከፈተ። እሳቸውም ስቀው ቡና ጋበዙን።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ድጋሚ ከመጣ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ቀኑ ልክ ከሆነ ግን «ቀጥል» የሚለውን ሳትጫኑ ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፤ የአድራሻው መስመር በደንብ ይታይ።

ጽሕፈት ቤቱ